ፊልሙ ሲለወጥ ሌንሱ የቆየበት ካሜራ



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት መድረክ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኀይል ማመንጫ መናገር የተለመደ ነው። ዛሬ እኔ ላቀርብላችሁ የመረጥኩት ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ መሣሪያ ነው። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካው ኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው፣ በኋላም ዲ.ሲ.ኤስ. 100 የሚል ስም የተሰጠው ዲጂታል ካሜራ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ይህ ካሜራ የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አይደለም። ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል ግን በመስተዋት አማካይነት የሚያሳይ፣ ሌንሱም የሚፈታና የሚለወጥ የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ እርሱ ነው። የሚያነሣው ምስል ዛሬ በየኪሳችን ከምንይዘው ስልክ ምስል ጋር ቢነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ምስሉ ጥራት ለመናገር አልመጣሁም። የመጣሁት መሐንዲሶቹ ስላልነኩት ክፍል ለመናገር ነው። ፊልሙን ሙሉ በሙሉ አስወግደው ሲተኩ፣ ሌንሱ ከካሜራው አካል ጋር የሚገናኝበትን ቀለበት ግን እንዳለ ተዉት። ከመካከላችን ያረጀ ፓምፕ በአዲስ የተካ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የአዲሱ ፓምፕ አፍ የብሎን ቀዳዳዎች ከአሮጌው ቧንቧ ጋር ከገጠሙ ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ካልገጠሙ ግን ቧንቧው ሁሉ ይነቀላል።

ከፎቶግራፍ ሙያ ራቅ ላላችሁ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ባለሙያዎቹ ኤስ.ኤል.አር. ብለው በሚጠሩት የካሜራ ዓይነት፣ በሌንሱ የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ በተቀመጠ መስተዋት ወደ ላይ ይመለስና በደብዛዛ መስታወት ላይ ምስል ይፈጥራል፤ ይህንንም ምስል ከበላዩ ያለው ፕሪዝም አቅንቶ ለአንሺው ዐይን ያቀርበዋል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ይነሣል፣ ሻተር የሚባለው መጋረጃ ይከፈታል፣ ብርሃኑም በስተኋላ በተዘረጋው ፊልም ላይ ያርፋል። አንሺው የሚያየውና ፊልሙ የሚያየው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሌንሱ በተለወጠ ቁጥር ሌላ ምንም ማስተካከያ ሳያስፈልግ የሚታየውም አብሮ ይለወጣል። ፎቶግራፍ አንሺው አንድ አካልና ብዙ ሌንሶች ሊይዝ የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ፊልሙን የተካው ሲ.ሲ.ዲ. የሚባለው የሲሊከን ሰሌዳ ሲሆን፣ የተፀነሰው በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ነው። ፈልሳፊዎቹ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በዚህ ሥራቸው በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ብርሃን በሲሊከን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ ሰሌዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ የተላቀቁትን ኤሌክትሮኖች እንደ ትንሽ ጽዋ ያጠራቅማል። ቀጥሎም የቀን ሠራተኞች በግንባታ ቦታ ተሰልፈው ብሎኬት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የያዘውን ቻርጅ ለጎረቤቱ እያቀበለ እስከ ሰሌዳው ዳር ያደርሰዋል። እዚያም ወደ ቮልቴጅ፣ ከዚያም ወደ ቁጥር ይለወጣል። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ምስል ይሆናሉ።

ይህን ሰሌዳ በካሜራ ውስጥ አስገብቶ ራሱን የቻለ መሣሪያ በመሥራት የሚታወቀው ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት የኮዳክ መሐንዲስ ነው። በ1975 በሮቸስተር ከተማ የሠራው መሣሪያ ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ሰሌዳው በቁመት 100፣ በወርድ 100፣ በጠቅላላው 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ አንዱን ጥቁርና ነጭ ምስል በተራ የሙዚቃ ካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሴኮንድ ይወስድ ነበር። ሌንሱ ከአንድ የሱፐር 8 የሲኒማ ካሜራ የመጣ ሲሆን፣ የሚለወጥ አልነበረም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የሳሰን ጥያቄ ነገሩ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚል ስለ ነበረ ለጥያቄው መልስ አግኝቷል።

ነገሩ እንደሚቻል ከታወቀ በኋላ የቀረው፣ ፎቶግራፍ በማንሣት የሚተዳደረው ሰው እንዴት ይቀበለዋል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ በ1981 ለሕዝብ ያሳየው ማቪካ የተባለ የሙከራ ካሜራ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ማቪካ ምስሉን በትንሽ መግነጢሳዊ ዲስክ ላይ የሚቀዳው እንደ ቪዲዮ በአናሎግ ስልት ስለ ነበረ ዲጂታል ሊባል አይችልም። ሌንሱ ግን ይለወጥ ነበር። ነገር ግን መጋጠሚያው የራሱ የሶኒ ስለ ሆነ የሚለወጠው ለእርሱ ተብለው በተሠሩት ጥቂት ሌንሶች ብቻ ነበር። ለዓመታት ሲገዛ የኖረ የሌንስ ስብስብ ያለው ባለሙያ፣ ንብረቱን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ከሀ እንዲጀምር የሚጠይቅ መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

ኮዳክ በበኩሉ በ1986 1.4 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሰሌዳ ሠራ። ቀጥሎም ጄምስ ማክጋርቪ የተባለው መሐንዲሱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰሌዳውን በካነን ኒው ኤፍ-1 ካሜራ ጀርባ ላይ ገጥሞ፣ ለአሜሪካ መንግሥት አገልግሎት የሚውል መሣሪያ አዘጋጀ። በ1991 ለገበያ የወጣው ግን በሌላ አካል ላይ፣ ይኸውም ኒኮን በ1980 ባወጣው ኤፍ 3 ላይ የተገነባ ነው። ኤፍ 3 በጊዜው የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ዋና መሣሪያ ከነበሩት አንዱ ነው። ጀርባው ተነቃይ ነው፤ መጋረጃው በኤሌክትሮኒክስ ይታዘዛል፤ ፊልም ከሚያዞረው ሞተር ጋርም በኤሌክትሪክ ምልክት ይነጋገራል። ለአዲስ እንግዳ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚጠብቅ አካል ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ቀለበቱ ልምጣ። ኒኮን በ1959 ኤፍ የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ የወሰነው የሌንስ መጋጠሚያ ውስጣዊ ስፋቱ 44 ሚሊ ሜትር ነው። ከቀለበቱ ገጽ እስከ ፊልሙ ጠለል ድረስ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርቀት እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ከቀለበቱና ከፊልሙ መካከል የሚነሣና የሚወርድ መስተዋት ስላለ ቦታ ይፈልጋል። ኩባንያው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጠብቆ ለዐሥርት ዓመታት ሌንስ አመረተ። በ1977 የብርሃን መለኪያውን ከሌንሱ ጋር የሚያገናኘውን ስልት ሲያሻሽል እንኳ ቀለበቱን አልለወጠም። የአዲሶቹ አካላት አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት የተሠሩትን ሌንሶች እንዳሉ አይቀበሉም፤ ኤፍ 3 ግን የሚታጠፍ መገናኛ ስላለው የ1959ኙን ሌንስም ይቀበላል። ስለሆነም የኮዳክ መሐንዲሶች ኤፍ 3ን ሲመርጡ የ32 ዓመት የሌንስ ክምችት አብሮ መጣላቸው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ትርፍ ይመስላል። መጋጠሚያን መጠበቅ ግን ዋጋ አለው፤ ከእንግዲህ የምናየውም ዋጋው ምን እንደ ነበረ ነው።

የመጀመሪያው ዋጋ የቦታ ጉዳይ ነው። ሲሊከኑ ፊልሙ ይቀመጥበት በነበረው ጠለል ላይ በትክክል መዋል አለበት። ምን ያህል በትክክል? ሌንሱ በኤፍ 2 ተከፍቶ ቢሠራ፣ ምስሉም በአንድ ነጥብ ስፋት ያህል ብቻ እንዲደበዝዝ ብንፈቅድለት፣ የሚፈቀደው ስሕተት የቀዳዳው ቁጥር በነጥቡ ስፋት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የዚህ ካሜራ አንድ ነጥብ ስፋት 16 ማይክሮ ሜትር ነው። ስለዚህ የሚፈቀደው ስሕተት ወደ ፊትም ወደ ኋላም 0.032 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሌላ በኩል ሲሊከን ያለ መከላከያ ራቁቱን አይቀመጥም፤ በላዩ ላይ መስታወት አለ። ሲሊከን ዐይናችን የማያየውን ከቀይ በታች ያለውን ጨረር ጭምር ስለሚያይ፣ ለቀለም ፎቶግራፍ ያን ጨረር የሚያስቀር ማጣሪያ ያስፈልጋል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ የሚገናኝበት ቦታ የመስታወቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ምስሉን በ0.33 ሚሊ ሜትር ያሸሸዋል ማለት ነው፤ ይህም ከሚፈቀደው ስሕተት ዐሥር እጥፍ ነው። ወደ አንሺው ዐይን የሚሄደው ብርሃን ግን በዚህ መስታወት ውስጥ አያልፍም። ሰሌዳው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ካልተገፋ፣ አንሺው በዐይኑ ጥርት ብሎ ያየው ነገር በዲስኩ ላይ ደብዝዞ ይገኛል። ፊልም ስስና ልል ነገር ስለሆነ እንዲህ ያለ ጭንቀት አያውቅም።

ሁለተኛው ዋጋ ይበልጥ የሚታይ ነው። የፊልሙ መስክ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሲሊከኑ ሰሌዳ 16.4 በ20.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በስፋት ሲሰላ ከፊልሙ ሁለት አምስተኛ አይሞላም። ለምን ሰፋ አድርገው አልሠሩትም ለሚል መልሱ ያለው በሲሊከን አመራረት ላይ ነው። ጠባሳ ካለበት ቆዳ ላይ ትናንሽ ቁራጭ የሚያወጣ ጫማ ሠሪ ጠባሳው ያረፈባቸውን ጥቂቶቹን ብቻ ይጥላል፤ ከዚያው ቆዳ ሰፋፊ ቁራጭ ላውጣ ቢል ግን አብዛኛው ይበላሽበታል። በሲሊከን ላይም እንዲሁ ነው፤ የሰሌዳው ስፋት በእጥፍ ሲጨምር ዋጋው ከእጥፍ በላይ ያሻቅባል።

ሰሌዳው ያነሰ እንደሆነ ሌንሱ ከሚፈጥረው ክብ ምስል የሚወሰደው መሐሉ ብቻ ነው። በፊልም ላይ 65 ዲግሪ ያህል ወርድ ያሳይ የነበረ የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በዚህ ካሜራ ላይ 40 ዲግሪ ብቻ ያሳያል። ይህም የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፊልም ላይ የሚያሳየው ያህል ነው። አንሺው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያየው እንዳይመስለው በመመልከቻው መስታወት ላይ የሰሌዳው ድንበር ተሰምሯል። ስታዲየም ዳር ቆሞ ከሩቅ ለሚያነሣ የስፖርት ጋዜጠኛ ይህ እንደ ስጦታ ነበር፤ ሌንሱ ያለ ተጨማሪ ወጪ የረዘመለት መሰለው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ስብሰባ ለሚያነሣ ግን ጉዳት ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ግድግዳው ይይዘዋል። ሌንሱን ጠበቅንልህ የተባለው ሰው ሌንሱን አገኘ፣ ሌንሱ ያሳየው የነበረውን ስፋት ግን አጣ። ቀለበቱ እንደገጠመ ሁሉ ሥራው ሁሉ ይገጥማል ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት በግልጽ ሳናስቀምጥ ስለ መጋጠሚያ ጥቅም ብንናገር ግማሹን መደበቅ ይሆናል።

ለዚህ ችግር ሌላ መፍትሔ የሞከሩም ነበሩ። ኒኮንና ፉጂ በ1990ዎቹ አጋማሽ በኅብረት ባወጡት ካሜራ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ በስተኋላ ተጨማሪ ሌንሶች ተደርድረው የፊልሙን ሙሉ መስክ አሳንሰው በጣም ትንሽ በሆነ ሰሌዳ ላይ ያሳርፉት ነበር። በዚህ ዘዴ የ28ቱ ሌንስ 28 ሆኖ ቀረ። ግን አካሉ እጅግ ወፈረ፤ በሌንሱ ላይ የቱንም ያህል ሰፊ ቀዳዳ ቢኖር የውስጡ መንገድ ከኤፍ 6.7 የሰፋ ብርሃን አያሳልፍም ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ብልኅ ሥራ ቢሆንም ጊዜያዊ ችግርን በቋሚ መስታወት ለመፍታት የሞከረ ነው፤ ሲሊከን ሲረክስ ትርጉም እንደሚያጣ ግልጽ ነበር፤ እንደዚያም ሆነ።

ሌላው የካሜራው ክፍል በትከሻ የሚንጠለጠለው ሣጥን ነው። ካሜራው በገመድ ከዚህ ሣጥን ጋር ይያያዛል። በውስጡ 200 ሜጋ ባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ፣ ባትሪና የተነሣውን ምስል ወዲያው የሚያሳይ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ስክሪን አለ። ለምስሉ መግለጫ መጻፊያ የሚሆን የፊደል ገበታም ለብቻው ይገጠምለት ነበር። ሰሌዳው 1,024 በ1,280 ነጥብ ስለሆነ ጠቅላላው 1,310,720 ነጥብ ይሆናል። ዲስኩ 156 ምስል ይይዛል መባሉን በእርሳስ ማረጋገጥ ይቻላል፤ 156 ጊዜ 1,310,720 ከ204 ሚሊዮን ጥቂት ያልፋል። ከዚህም ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ብቻ እንደተመደበ እንረዳለን። የቀለም ካሜራው ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ባይት አይመዘግብም፤ እያንዳንዱ ነጥብ በላዩ ባረፈው የቀለም ማጣሪያ አንድ ቀለም ብቻ ያያል፣ የቀሩትን ሁለት ቀለሞች ኮምፒዩተሩ ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ይሞላል። የዚህ ዘዴ ታዋቂው ቅርጽ የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት ነው፤ ዲ.ሲ.ኤስ. 100 የራሱ የሆነ የማጣሪያ አደራደር ቢኖረውም መሠረቱ ያው ነው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ከ20,000 እስከ 25,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በጠቅላላው የተሸጡትም 987 ብቻ ናቸው።

ይህን ያህል ገንዘብ ማን ይከፍላል? የሚከፍለው ጊዜ የሚያስጨንቀው ነው። የዜና ፎቶግራፍ አንሺ በፊልም ዘመን ከሥፍራው ሮጦ ተመልሶ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙን አጥቦ፣ አድርቆ፣ አትሞ፣ ከዚያ በኋላ በስልክ መስመር ይልክ ነበር። ማተሚያው ከሚዘጋበት ሰዓት አምስት ደቂቃ ያለፈ ምስል ለነገ ጋዜጣ ምንም ነው። የዲጂታሉ ካሜራ መታጠቡን፣ መድረቁንና መታተሙን አስቀረ። መላኩን ግን አላስቀረም። በሴኮንድ 9,600 ቢት በሚልክ የስልክ ሞደም አንድ ያልተጨመቀ ምስል ለመላክ 18 ደቂቃ ያስፈልጋል። በመሆኑም የተገኘው ትርፍ ግማሽ መንገድ ያህል ብቻ ነበር፤ ለጋዜጣው ግን ግማሽ መንገድም ቢሆን ገጽ አንድን ያተርፋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኗል። በ1992 የወጣው ዲ.ሲ.ኤስ. 200 የትከሻውን ሣጥን አስቀርቶ ዲስኩን ከካሜራው ሥር አስገባው። በ1994 ኮዳክ ለአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል የሚሆን ካሜራ፣ አሁንም በኒኮን አካል ላይ አዘጋጀ። በ1999 ኒኮን ራሱ ዲ 1 የተባለውን ይዞ ብቅ አለ፤ 2.7 ሚሊዮን ነጥብ ያለው፣ ዋጋውም ከ6,000 ዶላር በታች የሆነ ነበር። በ2003 የካነን 300 ዲ ከነአካሉ ከ1,000 ዶላር በታች ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኮዳክ በዚያው በ1959ኙ ቀለበት ላይ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙሉ ሰሌዳ ያለው ካሜራ አቀረበ፤ የ28ቱም ሌንስ ከ12 ዓመት በኋላ ተመልሶ 28 ሆነ። ኮዳክ ግን በዚህ የሥራ መስክ ብዙ አልቆየም። በ2005 የባለሙያ ካሜራ ማምረቱን አቆመ፣ በጥር 2012 ደግሞ ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ለማግኘት ለፍርድ ቤት አመለከተ። ብዙዎች ኮዳክ ዲጂታልን አላየም ይላሉ። የተናገርኩት ታሪክ ግን ይህን አባባል አይደግፍም፤ አይቶታል፣ ሠርቶታል፣ ሸጦታልም። የካሜራው አካልና ቀለበቱ የሌላ ሰው ንብረት እንደነበሩ ግን መዘንጋት የለበትም። ሲሊከኑን ማንም ሊገዛ ወይም ሊሠራ በቻለ ጊዜ፣ ደንበኛው ታማኝ ሆኖ የተገኘው ለሌንሱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እገምታለሁ። መጋጠሚያን መጠበቅ ሁልጊዜ ትክክል ነውን? ካነን በ1987 የቀድሞውን መጋጠሚያ ጥሎ ኢ.ኤፍ. የተባለውን አዲስ ሲያመጣ፣ በአሮጌው ሌንስ የተሞላ ቦርሳ የያዙ ባለሙያዎች ክፉኛ ተቆጥተው ነበር። አዲሱ ቀለበት ግን ውስጡ 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በአካልና በሌንስ መካከል ያለው ግንኙነት ሁሉ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ አንድም የሚገፋ ዘንግ የለውም። በ2002 ካነን 11 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሙሉ ሰሌዳ ያለበትን ካሜራ ሲያወጣ ይህ ስፋት ጠቅሞታል። ኒኮን ግን 44 ሚሊ ሜትሩን ተሸክሞ ለመሄድ ተገደደ፤ ሞተር የሌላቸውን ሌንሶች የሚያንቀሳቅስ ዘንግም ለብዙ ዓመታት በአካሉ ውስጥ ማኖር ነበረበት። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ካነን መጋጠሚያውን የሰበረው ሌላ ነገር በማይለወጥበት ጊዜ፣ ፊልሙ ገና ፊልም ሳለ ነው። ተገልጋዩ በአንድ ጊዜ የተሸከመው አንድ ለውጥ ብቻ ነበር። ኮዳክ ደግሞ ፊልምን የሚያህል ነገር ሲለውጥ ሌላውን ሁሉ አልነካም። ሁለቱ ውሳኔዎች የሚጋጩ ቢመስሉም አንዱን ሥርዓት የተከተሉ ናቸው። ኒኮንም መስተዋቱ አላስፈላጊ በሆነ ጊዜ፣ በ2018፣ ስፋቱ 55 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱም 16 ሚሊ ሜትር የሆነውን ዜድ የተባለ አዲስ መጋጠሚያ አወጣ። ርቀቱ ስላጠረ በመካከሉ አንድ ቀለበት አስገብቶ የአሮጌዎቹን ሌንሶች መቀጠል ተቻለ።

የመጨረሻው ጉዳዬ የዚያው ካሜራ ሌላኛው መጋጠሚያ ነው። ዲ.ሲ.ኤስ. 100 በፊቱ በኩል ሌንስ የሚቀበልበት እንዳለው ሁሉ፣ በሣጥኑ በኩል ምስሉን ለኮምፒዩተር የሚያስረክብበትም ነበረው። ይህም በጊዜው ስካዚ የተባለው የገመድ ዓይነት ነው። በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ላይ፣ በፎቶሾፕ ውስጥ የሚገባ የኮዳክ ተጨማሪ ፕሮግራም ቁጥሮቹን ተቀብሎ ወደ ምስል ይለውጣቸው ነበር። በ1991 ይህ ምርጫ ምንም ነቀፋ የለበትም፤ ከነበሩት ሁሉ ፈጣኑና የተለመደው እርሱ ነው። ነገር ግን ሌንሱን የሚቀበለው ቀለበት በብረት ላይ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ማንም የብረት ሠራተኛ በካሊፐር ለክቶ ሊደግመው ይችላል። በሌላው በኩል ያለው መጋጠሚያ ግን በገመዱ ብቻ አያበቃም። ገመዱን የሚቀበል ኮምፒዩተር፣ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም፣ በፕሮግራሙም ውስጥ የምስሉን አጻጻፍ የሚያውቅ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሁሉ ይቆማሉ፤ በካሊፐር የሚለካም ነገር የለም።

ስለዚህ በዛሬው ቀን አንድ ሰው በ1991 የተሸጠ ዲ.ሲ.ኤስ. 100ን ከነሣጥኑ ቢያገኝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናስብ። ሌንሱን ፈትቶ ዛሬ በሚሠራ ካሜራ ላይ በመሸጋገሪያ ቀለበት መግጠም ይችላል፤ ሌንሱም ይሠራል። ዲስኩ ላይ የቀሩ 156 ምስሎች ካሉ ግን፣ ዲስኩ ራሱ ከ30 ዓመት በኋላ ይዞራል ብለን ብናምን እንኳ፣ የስካዚ መሰኪያ ያለው የዚያን ዘመን ማኪንቶሽና የዚያን ዘመን ፕሮግራም መፈለግ አለበት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሥፍራ፣ በተራ ኤፍ 3 በፊልም ያነሣ ባልደረባው ኔጌቲቩን በካርቶን አስቀምጦት ከሆነ፣ ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ ማየት ይበቃዋል።